ሹራብ ሲነዝርና ምጣድ ሲነዝር፦ ስታቲክ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥቅምት ከገባ ወዲህ አራት ኪሎ ያለችው የፎቶ ኮፒ ቤታችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ «ውይ!» ይባላል። ደንበኛ ሳንቲም ሲያቀብለኝ ጣታችን ይንጣጣል። ወረቀቱ እርስ በርሱ ይጣበቃል። የበሩ እጀታ ይነዝራል። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዕቃዎች ሲነካኩ፣ በተለይ ሲፋተጉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ኤሌክትሮን የሚባል የኤሌክትሪክ ቅንጣት ይሻገራል። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ የዕቃው ገጽ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን ይኖራል፤ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ (ቻርጅ) በዚያ በኩል ሹልክ ብሎ ይሄዳል። በበጋ አየሩ ይደርቃል። እኛ ደግሞ ብርዱን ፈርተን የፖሊስተር ሹራብና ብርድ ልብስ እንደራርባለን። ቻርጁ መሄጃ ያጣና ብረት እስክንነካ ይጠብቃል። ከዚያ ጧ! ስታቲክ የምንለው ይህንን ነው።

ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ስህተቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ምጣዱንም «ስታቲክ ነው» ብሎ ማለፍ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሰው የሚገድለው ይሄኛው ነውና።

አምና አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ እንጀራ እየጋገሩ ደረስኩ። ከእግራቸው ሥር ጣውላ አንጥፈዋል። ምነው ስላቸው «ትነዝረኛለች፤ ልጄ ስታቲክ ነው ብሎኛል። ሶኬቷን ገልብጬ ስሰካት ደግሞ ትተወኛለች» አሉኝ። ይህን የሚሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ሶኬት መገልበጥ በየቤቱ ያለ «ጥገና» ነው።

ስታቲክ አንዴ ጧ ብሎ ያልቃል። ወዲያው ደግመው ቢነኩት ምንም የለም። ምጣዱ ግን በነኩት ቁጥር ይነዝራል፤ እጅዎን ካላነሱም ይቀጥላል። ባዶ እግር ሲሆኑ ወይም ወለሉ ሲረጥብ ይብስበታል። ስታቲክ ደግሞ እርጥበት አይወድም። በእነዚህ ብቻ መለየት ይቻላል።

የምጣዱ ሽቦ የተቀበረው ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ነው፤ በጄሶም ይደፈናል። ሸክላው ሲሰነጠቅ፣ ሊጥ ሲገባበት ወይም የገመዱ ላስቲክ ሲቃጠል ኮረንቲው ወደ ላሜራው ያመልጣል። ኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠውን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ፣ የሌለው ቤት ከሆነ መሄጃው የሚነካው ሰው ነው። ሶኬቱ ሲገለበጥ የሚተወው ለምን መሰላችሁ? ፌዙ፣ ማለትም ኮረንቲ ያለበት መስመር፣ በምጣዱ ሽቦ ሌላኛው ጫፍ ስለሚገባ ነው። ኮረንቲው የሚያመልጥበት ቦታ ላይ ቮልቱ ይቀንሳል እንጂ ማምለጫው አልተደፈነም።

ከሹራብ የሚወጣው ብልጭታ ብዙ ሺህ ቮልት ነው። ሰው ከ3,000 ቮልት በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ እንኳ አይሰማውም። ታዲያ እሱ የማይገድል፣ የግድግዳው 220 ቮልት እንዴት ይገድላል? ሹራቡ ከላይ የወደቀች አንዲት የውሃ ጠብታ ነው። ከፍታው ትልቅ ነው፤ ውሃው ግን የለም። የግድግዳው ወንዝ ነው፤ አይቋረጥም።

ስለዚህ ምጣድ፣ ፍሪጅ ወይም የልብስ ማጠቢያ ደጋግሞ ከነዘረዎት ማብሪያውን ያጥፉና በደረቅ እጅ ይንቀሉት። «እስቲ አሁንስ?» እያሉ አይነካኩት። ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ኧርዝ ያስዘርጉ፤ ኮረንቲ ሲያፈስ በቅጽበት የሚቆርጠውን ብሬከርም ያስገቡ። እትዬ ምጣዱን ቀየሩ። ጣውላው ግን እስካሁን እዚያው ነው፤ ልማድ ሆኖባቸው።

ቻርጅ ላይ ያለ ላፕቶፕ ብረቱን ስንዳብሰው እንደ ጉንዳን የሚርመሰመሰውም ስታቲክ አይደለም። ሁለት እግር ያለው ቻርጀር የሚያሾልከው ጥቂት ኮረንቲ ነው። ደህናው ቻርጀር ላይ ብዙም አያስፈራም፤ ርካሹን ግን አልተማመንበትም።

ሹራብ ለብሶ ላፕቶፕ መክፈት

ይህን ያደረግሁት እኔው ራሴ ነኝ። የደንበኛ ላፕቶፕ ላይ ራም (ሜሞሪ) ልጨምር ሹራቤን እየጎተትኩ ቁጭ አልኩ። ብልጭታ አላየሁም፣ ምንም አልተሰማኝም። ራሙ ግን ሞተ። ከኪሴ ከፈልኩ።

እኔ ያልተሰማኝ ቺፑን ሊገድለው ይችላል። አንዳንዱ ቺፕ 100 ቮልት እንኳ አይችልም። ይባስ ብሎ ቶሎ ላይሞት ይችላል፤ ተጎድቶ ለወራት ሠርቶ አንድ ቀን ያለ ምክንያት ይቆማል። ያኔ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብለን ሻጩን እንሳደባለን።

ሹራቡን ያውልቁ። ዕቃውን ነቅለው የተገለጠ ብረቱን ይንኩ። ራምን በጠርዙ ይያዙ። ቻርጁን ከሰውነት የሚያስወጣው፣ የእጅ አምባር የሚባለው ማሰሪያ ካለዎት ጥሩ ነው፤ ግን ባዶ ሽቦ እጅዎ ላይ ጠምጥመው በራስዎ አይሥሩት። የደህናው አምባር ውስጥ ኮረንቲን የሚገታ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር አለ፤ በድንገት የግድግዳ ኮረንቲ ቢነኩ የሚያድንዎት እሱ ነው። የተፈታ ቦርድ በፌስታል መጠቅለልም ሌላ ስህተት ነው፤ ፌስታል ራሱ የስታቲክ ፋብሪካ ነው። ራሙ የመጣበትን ብርማ ከረጢት አይጣሉት።

ቤንዚን በጀሪካን፣ መኪና ውስጥ እንዳለ

መብራት ሲጠፋ ለጄኔሬተር ቤንዚን የማያመጣ ባለሱቅ የለም። ጀሪካኑን ከመኪናው ሳያወርዱ ማስቀዳት አደገኛ ነው። ምንጣፉ ወይም የፕላስቲክ ንጣፉ ከመሬት ይለየዋል፤ ቤንዚኑ ሲፈስ የሚፈጠረው ቻርጅ መውጫ ያጣል። የቤንዚን ትነት ለመቀጣጠል ከ1 ሚሊጁል በታች ይበቃዋል፤ ከሰው ጣት የሚወጣው ብልጭታ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ለቤንዚን የተሠራ ጀሪካን ይያዙ። መሬት ያስቀምጡት፣ የመቅጃው ብረት የጀሪካኑን አፍ እንደነካ ይቆይ፣ ቀስ ብሎ ይቀዳ።

የዘይት ነጠብጣብ ለማስለቀቅ ሹራብ በቤንዚን የሚያሹ ሰዎች አሉ። ሲጋራ ባይኖርም፣ እሳት ባይኖርም፣ ማሸቱ ራሱ ብልጭታ ነው። እባካችሁ ተዉት።

ስታቲክን ጠላት ብቻ ማድረግ

እኔ እንጀራ የምበላው በስታቲክ ነው። ፎቶ ኮፒ ውስጥ ያለው ድራም በጨለማ ቻርጅ ይሞላል። ብርሃን ሲያርፍበት ነጩ ቦታ ቻርጁን ይለቃል፤ ጽሑፉ ያለበት ይይዛል። ቶነር የሚባለው የቀለም ዱቄት እዚያ ላይ ይለጠፋል፣ ወደ ወረቀቱ ይሻገራል፣ በሙቀት ይቀልጣል። ይህን የጀመረው አሜሪካዊው ቼስተር ካርልሰን ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938፣ ኒው ዮርክ፣ ድኝ የተቀባ የዚንክ ሳህን በመሐረብ አሽቶ የመጀመሪያውን ኮፒ አወጣ። በእኛ ጥቅምት 12 ቀን 1931 መሆኑ ነው። እሱም በጥቅምት!

የፈሰሰ ቶነር በቤት መጥረጊያ ማሽን አይምጠጡ፤ ደቃቅ ስለሆነ ፊልተሩን ያልፋል፣ የፕላስቲኩ ቱቦም ቻርጅ ያጠራቅማል። በሙቅ ውሃም አይጠቡት፣ ይለጠፋል። ቀዝቃዛ ውሃ የነካ ጨርቅ ይበቃዋል። ወረቀትን ደግሞ እስከሚጠቀሙበት ድረስ ከነማሸጊያው ያቆዩት።

በጣት ጫፍ መንካት

ትንሿ ስህተት ይቺ ናት። ከመኪና ሲወርዱ ከመቀመጫው ሳይነሱ የበሩን ብረት ይያዙ፤ ቻርጁ ሳይሰማዎት ይሄዳል። ከወረዱ በኋላ ከሆነ በቁልፍ ይንኩት። ብልጭታው ቁልፉ ላይ ይጨርሳል፣ ጣትዎ ግን አያውቅም። እኔ ሱቁን ጠዋት የምከፍተው በዚህ ነው፤ መጀመሪያ ቁልፉን በበሩ ብረት ላይ ነካ፣ ከዚያ መክፈት።