ከስድስት ኪሎ እንጦጦ፦ አስፋልትና ጫካ ቀላቅላችሁ ስትሮጡ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ቅዳሜ ጠዋት ከስድስት ኪሎ ተነስቶ፣ በሽሮ ሜዳ አልፎ እንጦጦ ማርያም መውጣት፣ ከዛ ባህር ዛፉ ውስጥ ገብቶ አንድ ሰዓት ምናምን መዞርና መልሶ በአስፋልቱ መውረድ። ይሄን ሩጫ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት ደግሞ እኔ ያበላሸሁትን ልንገራችሁ፣ እናንተ አታበላሹት።

ትልቁ ስህተት የሜዳ ፔስ (ፍጥነት) ይዞ ዳገት መግባት ነው። ሜዳ ላይ ኪሎ ሜትሩን በ5፡30 ደቂቃ የለመደ ሰው ሽሮ ሜዳን አልፎ ሰዓቱ 8 ምናምን ሲያሳየው ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ይናደዳል፣ ከዛ ይገፋል፣ ማርያም ሳይደርስም ያልቅለታል። ስድስት ኪሎ ራሱ ከባህር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ የላይኛው ጫካ ደግሞ 3,000ን ያልፋል፣ እዛ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን እርሱትና በትንፋሽ ሂዱ፣ አብሯችሁ ካለው ሰው ጋር ሁለት ዓረፍተ ነገር ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ዳገቱ በጣም ቀጥ ሲል መራመድ ነውር የለውም። ጫካው ውስጥ አትሌቶቹን በቀላል ቀናቸው አይታችሁ ከሆነ ተሰልፈው፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ በዛፎቹ መሀል ዚግዛግ እየሰሩ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። እኔማ ቀስ ማለታቸውን አይቼ ከኋላቸው ገብቼ ነበር፣ አምስት ደቂቃ አልቆየሁም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው በኪሎ ሜትር ማቀድ ነው። "ዛሬ 20 እሮጣለሁ" ብሎ መውጣት ለአስፋልት ይሰራል፣ እዚህ ግን ኪሎ ሜትሩ እስኪሞላ ብሎ ሶስት ሰዓት የቆየ ጓደኛ አለኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ አልሮጠም። ሁለት ሰዓት በሉና ውጡ፣ ስንት እንደሆነ ቤት ገብታችሁ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛውና ማንም የማይነግራችሁ ቁልቁለቱ ነው። ሰው ሁሉ ዳገቱን ይፈራል፣ እግር የሚጎዳው ግን ሲወረድ ነው፣ ምክንያቱም የፊት ጭናችሁ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፣ ይሄ ደግሞ በዛው ቀን ሳይሆን በሁለተኛው ቀን ነው የሚነሳባችሁ፣ ሰኞ ደረጃ ስትወርዱ የእጅ መደገፊያውን የምትይዙት ለዛ ነው። ጫካ ውስጥ መሬቱ ትንሽ ያዝንላችኋል፣ አስፋልቱ ግን አያዝንም። እርምጃ አሳጥሩ፣ ወደ ኋላ ተደግፋችሁ ተረከዝ አትምቱ። ደግሞ በዛ መንገድ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ፣ ሸክሙ ከጀርባቸው ወደ ሁለቱም ጎን የሰፋ ስለሆነ እናንተ ናችሁ መንገድ መልቀቅ ያለባችሁ።

ጫማ ላይ ብዙ አልልም። ሶሉ የወፈረ የአስፋልት ውድድር ጫማ አድርጎ የዛፍ ስርና ድንጋይ ላይ መግባት ወለምታን መጥራት ነው። በክረምት ደግሞ የረጠበ የባህር ዛፍ ቅጠል ከጭቃው በላይ ያንሸራትታል። ለኮሮኮንች የምታደርጉት፣ ከስሩ ትንሽ ጥርስ ያለው ጫማ ለሁለቱም ይበቃል፣ ጥፍራችሁ ግን አጭር ይሁን።

ምግብ፦ ሽሮ ሜዳን ካለፍን በኋላ እንገዛለን ብላችሁ ባዶ እጅ አትውጡ፣ ጫካ ውስጥ ሱቅ ላታገኙ ትችላላችሁ። እኔ በሶ በማር በጥብጬ በትንሽ ጠርሙስ እይዛለሁ፣ ካልሆነም ቴምር፣ የምወስደውም ሳይርበኝ ዳገቱ እንዳለቀ ነው። ጾም ላይ ሆናችሁ እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ይሄን ሩጫ ለሌላ ሳምንት አቆዩት ወይ ግማሹን ብቻ ሂዱ፣ ያለ ውሃ ሁለት ሰዓት ከሮጡ በኋላ ቅዳሴ መቆም እንዴት እንደሆነ በራሴ አይቼዋለሁ።

ብቻችሁን በጨለማ ደግሞ አትግቡ። ጅብ አለ፣ እውነት አለ፣ ሰውም አለ። 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሲነጋጋ ሁለት ሶስት ሆናችሁ ጀምሩ። በጣም ማልዶ መውጣት የሚያስፈልገው ሚኒባሶቹ ጭስ መልቀቅ ሳይጀምሩ አስፋልቱን ለመጨረስ ነው፣ ለዛ ደግሞ ያ ሰዓት በቂ ነው።

የመጨረሻው ነገር፣ ሁሌ መልሶ መሮጥ ግዴታ የሚመስለው ሰው አለ። ለመጀመሪያዎቹ ሶስት አራት ሳምንታት ከማርያም ታክሲ ይዛችሁ ውረዱ፣ ጭናችሁ እስኪለምድ። ላይ ስትቆሙ ላቡ በአንዴ ስለሚቀዘቅዝ ቀጭን ጃኬት ወገባችሁ ላይ እሰሩ፣ የታክሲዋንም ብር በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ፣ በላብ የራሰ ብር ስሰጠው ረዳቱ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያየኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም።