ግቢ ልታነጥፉ ነው? መጀመሪያ አፈሩን እዩ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ የመኪና መግቢያ የምታሠሩ ሰዎች፣ ከድንጋዩ ዋጋ በፊት የሥሩን አፈር እዩ። ዋልካ ከሆነ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ላዩ ላይ ሊሾ ብታስደርጉ አብሮ ይሰነጠቃል። ሲሚንቶ መጨመር አያድነውም። ዋልካውን ቆርጦ ማውጣት፣ በገረጋንቲ (ጠጠር ባለበት የሙሌት አፈር) መተካት፣ ውሃ እያርከፈከፉ በየንብርብሩ መጠቅጠቅ ነው። ሠራተኛው «ሁሉንም ሞልተን አንዴ እንጠቀጥቀዋለን» ካላችሁ እሺ አትበሉ፤ ላዩ ብቻ ነው የሚጠነክረው።

እኔን ብትጠይቁኝ ኮብልስቶን ይሻላል። ነገ የውሃ ቧንቧ ቢፈነዳ ድንጋዩን አንስቶ መልሶ መደርደር ይቻላል፤ ሊሾ ግን መሰበሩ ነው። ብቻ ዳርና ዳሩ በሲሚንቶ በታሰረ ድንጋይ ይያዝ። አለበለዚያ ጎማ በረገጠው ቁጥር ወደ ጎን ይሸሻል። ሴራሚክማ አይታሰብም፣ በሐምሌ ዝናብ ያንሸራትታል።

ተዳፋቱ ከቤቱ ወደ ውጭ ይሁን፤ በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል ይበቃል። ውሃው ጎረቤት ግቢ እንዳይገባ ደግሞ አስቡበት፣ ጠቡ አያልቅም።

ከበሩ ውጭ ያለው ቦይ የናንተ አይደለም። ማዘጋጃ ቤት ሳታስፈቅዱ በአፈርም በኮንክሪትም አትድፈኑት። መሻገሪያ ከተፈቀደላችሁ ከሥሩ የሚገባው ቱቦ ሰፋ ይበል፤ ፌስታልና ሃይላንድ አንዴ ከወተፈው ጎርፉ ተመልሶ ወደ ግቢያችሁ ነው።