በጨለማ የሚያበራ ፌልድስፓር እንዴት ይፈለጋል?

መጀመሪያ ያገኘሁት «ብርቅ ማዕድን» የልብስ ሳሙና ነበር። ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር ያነሳሁት ነጭ ድንጋይ ማታ በዩቪ (ዓይን በማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር) ባትሪ ሳየው ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ። ፎቶ አንስቼ ያልላክሁለት ጓደኛ የለም። ጠዋት ሳጥበው ሰማያዊው አብሮ ሄደ። ለካ ቦታው ልብስ የሚታጠብበት ነው! ዱቄት ሳሙና ውስጥ ልብስ የሚያነጣው ነገር በዩቪ ያበራል። የምፈልገው ግን ፌልድስፓር ነበር፤ በብዙ ድንጋይ ውስጥ ያለ የተለመደ ማዕድን ነው፣ አንዳንዱም በዩቪ ያበራል።

ባትሪው ላይ አትሳቱ። ሐሰተኛ ብር መለያ ተብሎ የሚሸጠው ርካሹ ብዙውን ጊዜ የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 395 ናኖሜትር ነው። ራሱ ሐምራዊ ስለሚረጭ ድንጋዩ ሁሉ ያበራ ይመስላል። 365 የሆነውን፣ ጥቁር ማጣሪያ ያለውን ግዙ። በ254 ናኖሜትር ብቻ የሚያበሩ ፌልድስፓሮች አሉ፤ ግን መብራቱ ውድ ነው፣ ዓይንና ቆዳም ይጎዳል። ለጀማሪ አልመክረውም።

ቀን ልቀሙ፣ ማታ ቤት ሞክሩ። በጨለማ ወንዝ ዳር ባትሪ ይዞ መንጎራደድ «ምን ጠፋብህ?» ያስብላል። ጊንጥም አለ። እሱ ደግሞ በዩቪ ከስንቱ ማዕድን በላይ ነው የሚያበራው።

የደሴ አካባቢ ድንጋይ በብዛት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። ጥቁሩ ላይ የምታዩት ነጭ ፍንጣሪ ፌልድስፓር ሊሆን ይችላል፤ ግን ብረት የበዛበት ድንጋይ ብርሃኑን ያፍነዋል። ነጣ፣ ፈዘዝ ያለ ድንጋይ ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ።

አሁን ዋናው ጣጣ። ማብራቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። መጀመሪያ ያለ ሳሙና በብሩሽ እጠቡት። ከዚያ ስበሩት፣ ዓይናችሁን ከመዶሻው ፍንጣሪ እየጠበቃችሁ። መብራቱን አዲሱ ስብራት ላይ አድርጉ። ላዩ እያበራ ውስጡ ዝም ካለ ቆሻሻ ነው። የጋቢ ክር እንኳ ሸውዶኛል።

ውስጡም ካበራ በቢላ ጫሩት። በቀላሉ ከተጫረ ካልሳይት (ለስላሳ የኖራ ማዕድን) ሳይሆን አይቀርም፤ በባዛልት ቀዳዳዎች ውስጥ የተለመደ ነው፣ ብዙ ጊዜም ያበራል። ትንሽ ፈጭታችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ በቃ፣ እሱው ነው። ቢላው ካቃተው ከኳርትዝ፣ ከሌላው ጠንካራ ማዕድን፣ መለየት ይቀራል። ስባሪውን ፀሐይ ላይ አገላብጡት። ፌልድስፓር ጠፍጣፋ ሆኖ ይሰበራል፤ በአንድ አቅጣጫ ስታዘነብሉት እንደ መስታወት ብልጭ ይላል፣ ሁለቱ ገጾችም እንደ ሳጥን ጠርዝ ይገናኛሉ። ኳርትዝ ግን እንደ ጠርሙስ ስባሪ ጎበጥ ይላል።

አብዛኛው ፌልድስፓር ጭራሽ አያበራም። የሚያበራውም ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ስለዚህ ጨለማ ውስጥ 10 ደቂቃ ተቀምጣችሁ ዓይናችሁን አለማምዱ።

እኔ ከአንድ ጆንያ ድንጋይ ሁሉንም ፈተና ያለፈው አንድ ነው፤ የምስር ፍሬ የምታክል ሰማያዊ ነጥብ አለችው። ባለቤቴን ጠርቼ መብራት አጥፍቼ አሳየኋት።

«የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።