«ዝንጅብል ምን ይጎዳል?» ለምትሉ፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ጉንፋን ለያዘው ሰው መጀመሪያ የሚታዘዝለት ዝንጅብል ነው። ጣና ዳር ሻይ ቤት ገብታችሁ ብታስነጥሱ፣ አስተናጋጇ ሳትጠየቅ «በዝንጅብል ላድርገው?» ትላለች። ታድርገው፤ ሻዩ ላይ የሚጣል ቁራጭ ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም። ነገር የሚመጣው ዱቄቱና እንክብሉ በየቀኑ ሲዋጥ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ለሐኪም አለመናገር ነው። «የምትወስዱት መድኃኒት አለ?» ስትባሉ ዝንጅብልን ማን ይቆጥራል? ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን ብዙ ዝንጅብል ከጨመረበት የመድማት አደጋው ሊጨምር ይችላል። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱም ተናገሩ፤ ስኳራችሁ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። የሐሞት ጠጠር ያለበት ወይም የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የያዘ ሰውም ሳያማክር እንክብል አይጀምር።

ሁለተኛው በእፍኝ መገመት ነው። ዝንጅብል ጥሩ ማስረጃ ያለው ለእርግዝና ማቅለሽለሽ ነው። በጥናቶቹ ብዙ ጊዜ የተሞከረው በቀን 1 ግራም ገደማ የደረቀ ዱቄት ነው፣ ያውም ተከፋፍሎ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። ማንኪያ ሞልቶ ጠዋትና ማታ መቃም ሌላ ነገር ነው። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ለክትትል ስትሄዱ አዋላጇን ጠይቁ።

ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሻገሩ ዝንጅብል የምታኝኩ አላችሁ። አኝኩ፣ አልከለክልም። ግን ለጉዞ ማቅለሽለሽ ያለው ማስረጃ የተደበላለቀ ነው። ማዕበሉን የምትፈሩ ከሆነ ነፋሱ ሳይነሳ በጠዋት መሳፈር ይሻላል።

«ሆድ ያጸዳል» ብሎ በባዶ ሆድ አጥብቆ መጠጣትም አለ። ጨጓራ ያለበት ሰው ይህን ሲያደርግ ቃሩ ጉሮሮው ድረስ ይመጣል። ከምግብ በኋላ፣ ቀጠን አድርጋችሁ ጠጡት። ካቃጠላችሁ ተዉት፤ ግድ አይደለም።

ለሳል ዝንጅብል በማር ለሕፃን መስጠትስ? ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን በፍጹም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የማሩ ነው፤ ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

እኔን የሚያናድደኝ ግን የትኩሳቱ ነገር ነው። ብርድ ብርድ ይላል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ ራስ ይፈልጣል፤ ሰውየው ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። ጣና ዙሪያ ወባ አለ እኮ! ዝንጅብል ወባን አያድንም። እንዲህ ሲሆን ጤና ጣቢያ ሂዱና ደማችሁን በዚያው ቀን ተመርመሩ። ሻዩ ከውጤቱ በኋላም ይደርሳል።