አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ፦ ሐይቅን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ያለ አስጎብኚ እንዴት መዞር ይቻላል

ለሥልጠና ኮምቦልቻ መጥታችሁ አንድ ቀን ተርፏችኋል እንበል፤ ወይም በረራችሁ ነገ ነው። ሆቴሉ በር ላይ የቆመው ባለ መኪና «ሐይቅ፣ ደሴ፣ ሁሉንም አዞራችኋለሁ» ብሎ የኮንትራት ዋጋ ይጠራላችኋል። አመስግናችሁ እለፉት። ሦስቱም ከተሞች በአንድ አስፋልት ላይ የተሰኩ ናቸው፤ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ይመላለስባቸዋል። የሚያስፈልጋችሁ ዝርዝር ብር፣ ጃኬትና የሰዓት ሂሳብ ነው።

የሰዓቱን ሂሳብ የተማርኩት መርከብ ላይ ከምትሠራው የአክስቴ ልጅ ነው። የመዝናኛ መርከባቸው ሞቃት ባሕር ውስጥ ያለ ደሴት ላይ ጠዋት ይቆምና ማታ ይነሳል። መርከቡ ራሱ ባዘጋጀው ጉብኝት የወጣ ሰው ቢዘገይ ይጠበቃል፤ በራሱ የወጣ ቢዘገይ ግን ጥለውት ይሄዳሉ፤ ቀጣዩ ወደብ ድረስ ከኪሱ ከፍሎ ነው የሚደርስባቸው። ብልጦቹ ታዲያ ጠዋት ሩቁን ያያሉ፣ ከሰዓት በኋላ ወደቡ አጠገብ ይንሸራሸራሉ። ደሴ ደሴት ባትሆንም ዘዴው እዚህም ይሠራል፦ መጀመሪያ ሐይቅ፣ ቀጥሎ ደሴ፣ ሳይጨልም ኮምቦልቻ።

ከማታው። ለሆቴሉ ሰው «የነገ የሐይቅ መንገድ ሰላም ነው?» በሉ። መንገድ በድንገት የሚዘጋበት ቀን አለ፤ ይህን ከስልካችሁ ይልቅ ሲመላለስ የዋለ ሾፌር ያውቀዋል። ቀኑንም እዩ። ሰኞ ከሆነ የሐይቁን ዕቅድ ሰርዛችሁ ወደ ባቲ ሂዱ ባይ ነኝ። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሰኞ ገበያው አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን ከነግመሉ ያገናኛል። ያን ቀን ከጃኬት ይልቅ ኮፍያ ያዙ፣ ቆላ ነው። ግሸን ማርያምን ግን በዚህ አንድ ቀን ውስጥ ለመክተት አትሞክሩ፤ ለብቻው ቀን ይፈልጋል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ድረሱ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽቅቡ ግን ከ600 ሜትር በላይ ያስወጣችኋል። ጆሮ ይደፈናል፣ መስኮቱ በጉም ይለብሳል፣ ታች ያወለቃችሁትን ጃኬት ግማሽ መንገድ ላይ ትፈልጉታላችሁ። ቦርከና ወንዝ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ዶሮ መዝለያ ላይ በገደል መሃል ይሾልካል፤ የቦታው ስም ራሱ ጥበቱን ይነግራችኋል። መስኮት አጠገብ ተቀመጡ።

ደሴ ስትደርሱ አትዘናጉ፤ ለቡና እንኳ አትቁሙ። «የሐይቅ የሚጫነው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ቀጥሉ። ረዳቱ «ሐይቅ! ሐይቅ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጮህ ሰምታችሁ አትሩጡ፤ አንድ ሰው ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሰው ማለት ነው። እኔ በዚህ ተሞኝቻለሁ። ከሐይቅ ስመለስ «አንድ ሰው» ብሎኝ ገባሁ፤ ለካ ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁለቱ የሾፌሩ ጓደኞች ናቸው። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቀረሁ፤ አጠገቤ የነበሩት እናት «አብሽር ልጄ፣ ይሞላል» እያሉ ያጽናኑኝ ነበር። ደሴ ስገባ ላየው ያሰብኩት ቦታ ተዘግቶ ጠበቀኝ። አሁን ከመግባቴ በፊት በመስኮት ራስ እቆጥራለሁ። ኩርሲውንም ጨምሬ።

ሐይቅ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ነው። ከከተማው እስከ ውኃው ዳር ባጃጅ ያዙ። ዋጋውን ሳትገቡ ተነጋገሩ፤ «ለብቻ ነው ወይስ በሰው?» የሚለውን ጥያቄ ካስቀደማችሁ እንግዳነታችሁ አይታወቅባችሁም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት መሬት ድሮ ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን የትምህርት ማዕከል አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ ተምረዋል። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም። ከባለቤታችሁ ወይም ከእህታችሁ ጋር ከሆናችሁ ይህን መንገድ ላይ ሳይሆን ከማታው ተነጋገሩበት፤ ውኃ ዳር ብቻዋን ሁለት ሰዓት የጠበቀች ሰው ቀኑን ሙሉ አትስቅም። ውስጥ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት አባቶችን አስፈቅዱ። ከዚያ የሐይቁን ዓሣ ጥብስ በልታችሁ ቢዘገይ ቢዘገይ 6 ሰዓት ላይ ለመመለስ ተነሱ።

ከሰዓት በኋላ ደሴ። ደሴ ውስጥ መጥፋት ከባድ ነው። ከተማዋ በምዕራብ በጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል መሃል ረዝማ የተኛች ናት፤ ግራ ከገባችሁ ጦሳን ፈልጉ። ከፒያሳ ተነስታችሁ እግራችሁ እስኪደክም ሂዱ፣ ሲደክም ባጃጅ አለ። ዓርብ ከሆነ በጁምዓ ሰዓት ሸዋ በር መስጊድ አካባቢ መንገዱ ስለሚጨናነቅ ዞር ብላችሁ እለፉ። ምሳ ገና ካልበላችሁ ደግሞ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ቤት የተለያየ ነውና ገበታ ከመቅረቡ በፊት ጠይቁ።

ጊዜ ካጠረ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፦ አይጠየፍን። የንጉሥ ሚካኤል የግብር፣ ማለትም የድግስ፣ አዳራሽ ነው፤ ስሙም ከበላተኛው ማንንም አይጠየፍም ከማለት የመጣ ነው ይላሉ። ባለቤቱ ራሳቸው ታሪክ ናቸው። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ ጊዜ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተብለው ገብተው፣ ክርስትና ተነስተው ሚካኤል ሆነው ወጡ፤ በኋላም በ1906 ደሴ ላይ ነገሡ። የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ገብታችሁ ጣሪያውን የተሸከሙትን የእንጨት ምሰሶዎች ቀና ብላችሁ ስታዩ ስንት ሰው በአንዴ ይበላበት እንደነበር ትገምታላችሁ።

ቀጥሎ ሙዚየሙ ነው፤ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን፣ ምን እንደሚታይም ጠይቁ። የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ቤተ መንግሥት የነበረውን መርሆ ግቢን ከውጭም ቢሆን እዩት። ከተማዋ የአየር ድብደባም ታውቃለች፤ በኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ሲደበድቧት ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የተነሱት ፎቶግራፍ የዚህች ከተማ ነው።

ቡናውን አሁን ጠጡ። አቦሉን ጠጥታችሁ «ሰዓት ሄደብኝ» ብትሉ ቡና የምታፈላዋ እህት ቶናውን ሳትጠጡ አትለቃችሁም፤ ስለዚህ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተቀመጡ።

መመለሻ። 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሁኑ። ቁልቁለቱን በጉምና በጨለማ መውረድ አይመከርም፤ ከመሸ በኋላ ደግሞ ሚኒባሱ ይሳሳል፣ ዋጋው ይወጣል። ካመለጣችሁ ደሴ እደሩ፤ ሆቴሉን ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቁ፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በማግስቱ በረራ ያላችሁ ግን ይህን አትርሱ፦ አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ኮምቦልቻ ነው፤ ደሴ የለም። ደሴ አድሬ ከዚሁ እሳፈራለሁ ብሎ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሻንጣውን እየጎተተ «አውሮፕላን ማረፊያው በየት በኩል ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ገጥሞኛል። በረራው የ3 ሰዓት ነበር። በኮንትራት ወረደ።