ወገብና ትከሻ ሲይዛችሁ፦ መጀመሪያ ሙቅ ውሃ፣ ከዚያ እጅ

አንድ ሰው ማታ ላይ "ወገቤን ያዘኝ" ካለ ቤት ያለው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ እሹት ይላል፣ አንዱ ቅቤ ቀቡት፣ ሌላው በረዶ ያመጣል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፣ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የተኮማተረ ጡንቻ ላይ በደረቁ እጅ መጫን ያሳምማል እንጂ ብዙም አይፈይድም። መጀመሪያ ይሙቅ።

ከዚያ በፊት ግን ሕመሙን ለዩት። አሁን የደረሰ ጉዳት ከሆነ፣ ለምሳሌ እግር ወለም ብሎ ካበጠና ከጋለ፣ ሙቀትም ማሸትም እብጠቱን ያባብሰዋል። ለመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዙበት፣ አንሱት፣ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ድገሙት። የቆየ፣ የሚጨመድድ፣ ጠዋት ከአልጋ ስትነሱ ወገብ አላላውስ የሚል ሕመም ግን የሙቅ ውሃ ድርሻ ነው።

ፍልውሃ መግባት ከቻላችሁ ግቡ። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በዚሁ ውሃ ዙሪያ ነው፤ የእንጦጦ ብርድ ያስመረረው ቤተ መንግሥት ለመታጠብ ወደ ፍልውሃ ይወርድ ነበር፣ እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. እዚያው አካባቢ ቤት አሠሩ። ራቅ ማለት ለሚችል ሶደሬ አለ፣ ወንዶ ገነት አለ፣ ለባሕር ዳር ሰው ደግሞ ዋንዛዬ። ማዕድኑ ነው የሚፈውሰው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሙቀቱ ነው ባይ ነኝ፣ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ውሃው ሰውነትን ማንሳፈፉ። እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ከክብደቱ ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ መሬት ላይ የማይታጠፍ ጉልበት እዚያ ይታጠፋል። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ ተጋድማችሁ አታንቀላፉ፣ እጠፉ፣ ዘርጉ፣ ወገባችሁን ቀስ እያላችሁ አዙሩ።

ውሃው ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ቢሆን ይበቃል። መለኪያ ከሌላችሁ በክርናችሁ ሞክሩት፣ ካቃጠላችሁ ቀዝቃዛ ጨምሩ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይታችሁ ውጡ፣ ስትወጡም ቀስ ብላችሁ፣ ምክንያቱም ሙቀት የደም ግፊትን ያወርዳልና ብድግ ያለ ሰው ሊያዞረው ይችላል። ጠጥታችሁ አትግቡ። ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመምተኛ ሐኪም ሳይጠይቁ ባይገቡ ይሻላል። ስኳር ያለበትና እግሩ የደነዘዘ ሰው ደግሞ ውሃው ሲያቃጥለው ላይሰማው ስለሚችል ሌላ ሰው ይለካለት።

ፍልውሃ ሩቅ ነው? ቤት ውስጥ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ ያዙበት። ጨው በመጥበሻ አሙቆ በጨርቅ መቋጠርም ይሠራል፣ ሙቀቱንም ቆየት አድርጎ ይይዛል። ሃይላንድ ውስጥ የፈላ ውሃ አትጨምሩ፣ ይጨማደድና ሊያፈስባችሁ ይችላል።

አሁን እጅ። ዘይት የግድ ውድ መሆን የለበትም፣ ጥቅሙ እጅን ማንሸራተት ስለሆነ የኑግም የወይራም ይሆናል። የሚታሸው ሰው በሆዱ ይተኛ። በመዳፋችሁ ከወገብ ወደ ትከሻ ረዘም አድርጋችሁ እየሳባችሁ ጀምሩ፣ ጡንቻው እጃችሁን እስኪለምድ። አከርካሪው ላይ በቀጥታ አትጫኑ፤ ሥራችሁ ከግራና ከቀኙ ያለው ሥጋ ላይ ነው። ቋጠሮ ስታገኙ በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ተጫኑና ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ያዙት፣ ሰውየው በረጅሙ ይተንፍስ፣ ሲላላ ይታወቃችኋል። እኛ ጋ "ካላሳመመ አልታሸም" የሚባል ነገር አለ፣ እኔ አልስማማም። ትንፋሹን የያዘና ጥርሱን የነከሰ ሰው ጡንቻው ለመከላከል ይበልጥ ይኮማተራል፣ ያኔ እጃችሁን አቅልሉ። ብቻችሁን ከሆናችሁ የቴኒስ ኳስ በጀርባችሁና በግድግዳው መሃል አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ተንሸራተቱበት።

የማይነካውንም እወቁ። አንድ እግር ብቻ ባቱ አካባቢ አብጦና ግሎ የሚያም ከሆነ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በፍጹም አታሹት፣ ወደ ሐኪም ሂዱ። አንገትን አጣሞ "ቋ" የሚያደርግ ሰው ቢመጣ እምቢ በሉ። ወጌሻን በተመለከተ፣ እጃቸው የተባረከ አሉ፣ ግን አጥንት ተሰብሯል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ መጀመሪያ ራጅ ተነሱ። ቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደም ከልክሎ እጅና እግር እስከማስቆረጥ ያደርሳል፣ ይህ በሀገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው። ከታሰረ በኋላ ጣት ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ ይፈታ። ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭን መሃል ደንዝዞ ከሆነ ወይም እግር ከከዳ፣ ያ የማሸት ጉዳይ አይደለም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

ከታሻችሁ በኋላ ወገባችሁን ሸፍኑ፣ ውሃ ጠጡ፣ ትንሽ ወዲያ ወዲህ በሉ። ቀኑን ሙሉ መተኛት ወገብን መልሶ ያደርቀዋል። በማግስቱ ቀለል ያለ ሕመም ቢኖር ያለ ነው፤ ከ2 ቀን ካለፈ ግን በዝቷል ማለት ነውና በሚቀጥለው አሺው እጁን እንዲያቀል ንገሩት።