ላይፔዝ ቅባት ሲቆርጥ በዓይን ማሳየት፦ ለጎጃም የባዮሎጂ መምህራን

ላይፔዝ ቅባት የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። ቆሽት የሚያመነጨው የሰው ላይፔዝ 449 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ሰንሰለት ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. በኤክስሬይ የታየው ቅርጹ ሁለት ክፍል አለው። ትልቁ ቅባቱን ይቆርጣል፤ ትንሹ ኮላይፔዝ የሚባለውን አጋዥ ፕሮቲን ይይዛል። ከሰንሰለቱ ቆራጮቹ አሚኖ አሲዶች ሦስት ናቸው፦ 152ኛው ሴሪን፣ 176ኛው አስፓርቲክ አሲድና 263ኛው ሂስቲዲን። በላያቸው የተደፋ ክዳን አለ፤ የሚነሣውም ኢንዛይሙ የቅባት ጠብታ ገጽ ላይ ሲያርፍ ነው። ተማሪው ይህን አስቀድሞ ካልያዘ ከሙከራው የሚቀርለት የቀለም ለውጥ ብቻ ነው።

በአንድ ቱቦ 5 ሚሊ ሊትር የዕለት የላም ወተት፣ 7 ሚሊ ሊትር የሶዲየም ካርቦኔት ብጥብጥ (0.53 ግራም ደረቅ ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ) እና 5 ጠብታ ፌኖልፍታሊን (በቤዝ ውስጥ ሮዝ የሚሆን፣ ቤዙ ሲጠፋ ቀለሙን የሚያጣ አመልካች) ጨምሩ። ሮዝ ይሆናል። 5 ግራም የፓንክሪያቲን ዱቄት (ላይፔዝ ያለበት፣ ከእንስሳ ቆሽት የሚወጣ) በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጡ፤ ለዚያው ቀን ብቻ ይሁን። ሁለቱን ለየብቻ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዩ፤ ከዚያ ከኢንዛይሙ 1 ሚሊ ሊትር ጨምራችሁ ሰዓት ያዙ። ላይፔዝ ከቅባቱ ሦስት ማያያዣዎች የዳርና የዳሩን ቆርጦ ሁለት የቅባት አሲድ ይለቃል፤ አሲዱም ሮዙን ያጠፋዋል።

የሞቀውን ውሃ አትተዉት። ጮቄ ግርጌ ያለ የደጋ ክፍልና ዓባይ በረሃ አፋፍ ያለ ክፍል ያለ ሙቅ ውሃ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም፤ በብርድ ኢንዛይሙ ይዘገያል። ሳፋው ቶሎ ስለሚበርድ ቴርሞሜትሩን እያያችሁ ፍል ውሃ ጨምሩበት።

ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው ወተቱ ነው። እርጎ በተናጠበት ቅል የመጣ ወተት መኮምጠር ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሮዙን የሚያጠፋው ኢንዛይሙ ሳይሆን የወተቱ የራሱ አሲድ ነው። አሬራ ደግሞ ኮምጣጣም ነው፣ ቅቤውም ወጥቶለታል። የዕለቱን ወተት በንጹሕ ብርጭቆ ተቀበሉ። ኢንዛይሙን በፈላ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆይታችሁ ያው ወተትና ብጥብጥ ላለበት ሌላ ቱቦ ጨምሩ፤ እሱም ከነጣ ጥፋቱ የወተቱ ነው።

ከበሬ ሐሞት ጥቂት ጠብታ ቢታከል ቅባቱን ወደ ደቃቅ ጠብታ በትኖ ላይፔዝ የሚያርፍበትን ገጽ ያሰፋል። ነገር ግን የሐሞት ጨው ራሱም ያን ገጽ ይሸፍናል፤ ኮላይፔዝ ካልያዘው ላይፔዙ ይገፋል። ስለዚህ ኮላይፔዝ የሌለበት የተጣራ ላይፔዝ ከሐሞት ጋር ሲዘገይ ብታዩ ስህተት አይደለም፤ ፓንክሪያቲን ግን ኮላይፔዙን ይዞ ይመጣል። ሐሞቱ ቀለም ስላለው ኢንዛይም የሌለበት ማነጻጸሪያ ቱቦ አኑሩ።

ፓንክሪያቲን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከአሳማ ቆሽት ነው። ይህን ለተማሪዎች ሳይነኩት በፊት መንገር ግዴታ ነው፤ መንካት የማይፈልግ ሰዓት ይያዝ። ዱቄቱ ሲመዘን ቢቦን አፍንጫና ዓይን ይቆጠቁጣል፣ መስኮትና በር ዘግታችሁ ነፋስ በሌለበት መዝኑ።